ከማረፊያ ቤት ወደ ሐኪም፦ ጅማ ላይ ያየሁት አገልግሎት

በዚህ ጽሑፍ የምገመግመው ባለፈው ዓመት ኅዳር ወር ጅማ ከተማ ውስጥ አንድ ፖሊስ ጣቢያና አንድ የሕክምና ተቋም ለታናሽ ወንድሜ የሰጡትን አገልግሎት ነው። አገልግሎቱ በአጭሩ ይህ ነው፦ በመጠጥ ሱስ የተያዘ ሰው ቀላል ጥፋት አጥፍቶ ሲያዝ፣ ፖሊሱ ማረፊያ ቤት ከማስገባት ይልቅ ራሱ ወደ ሐኪም ይወስደዋል። የሁለቱንም ተቋማት ስም አልጠቅስም፤ የምነቅፈው ነገር ስላለኝና ጉድለቱም የአንድ ቤት ብቻ ነው ብዬ ስለማላምን ነው። ወንድሜ ጽሑፉን አንብቦ እንዲወጣ ፈቅዷል፤ ሁለት ቦታ ላይም አርሞኛል።

ወንድሜ የ31 ዓመት አናጢ ነው። ጅማ የምትታወቅበትን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ወጥ ግንድ ፈልፍሎ የሚያወጣ፣ እጁ የተመሰገነ ባለሙያ ነው። ወደ መጠጥ የገባው በጫት በኩል ነበር። ቀን ሥራ ላይ ይቅማል፣ ማታ እንቅልፍ እንቢ ሲለው ምርቃናውን ለመስበር ይጠጣል። ይህን ልማድ ጨብሲ ይሉታል፤ ቃሉ በአፋን ኦሮሞ መስበር ከሚለው የመጣ ስለሆነ የጅማ ሰው ሲሰማው አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ምርቃና ለመስበር የተጀመረው አንድ መለኪያ አረቄ በአራት ዓመት ውስጥ ጠዋት መላጊያ ለመጨበጥ የግድ የሚያስፈልግ ነገር ሆነ። ሳይጠጣ ከቤት የወጣ ዕለት መሮው ከመስመሩ ይወጣበታል። ጠዋት ሻይ ሲቀርብለት ብርጭቆው ከሳህኑ ጋር እየተጋጨ ይንቀጫቀጭ ነበር፤ እናታችን ከማረፏ በፊት ይህን ድምፅ ሰምታ ከጓዳ ወጥታ አየችው፤ ምንም አልተናገረችም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሻዩን ያለ ሳህን በኩባያ ትሰጠው ነበር።

ኅዳር በጅማና በዙሪያዋ ቡና የሚለቀምበት ወቅት ነው፤ ገንዘብ ከገጠር ወደ ከተማ ይገባል፣ መጠጥ ቤቶችም ያመሻሉ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ወንድሜ ከመርካቶ ብዙም በማይርቅ አረቄ ቤት ውስጥ በሒሳብ ተጣልቶ መለኪያውን ሲወረውር የመስኮቱ መስታወት ተሰበረ፣ ፍንጣሪውም የቤቱን ባለቤት እጅ ጫረ። ፖሊስ ተጠራ። እኔ ጣቢያ ስደርስ ቀበቶውንና የጫማውን ክር አስፈትተውት፣ ስልኩን ተረክበው፣ ስሙን በመዝገብ ሊያሰፍሩ ነበር።

ተረኛው ሳጅን መጻፍ ከመጀመራቸው በፊት ያደረጉት ነገር ይህን ግምገማ እንድጽፍ ያስገደደኝ ነው። ወንድሜን ሁለት እጁን ወደ ፊት እንዲዘረጋ አዘዙት። ጣቶቹ ይርገበገቡ ነበር። «ጠዋት ጠዋት ትጠጣለህ?» አሉት። ዝም አለ። «ሳትጠጣ ስትቀርስ ምን ትሆናለህ?» ሲሉት፣ «እንቀጠቀጣለሁ፣ ያልበኛል፣ ያስመልሰኛል» ብሎ መለሰ። ሳጅኑ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩና፣ «እህቴ፣ ይህን ልጅ እዚህ ባሳድረው እኔ የምፈራው ነገ ማታን ነው» አሉኝ። ከዓመታት በፊት በሌላ ቦታ ሲሠሩ አንድ እስረኛ በገባ በሁለተኛው ሌሊት ወለሉ ላይ ወድቆ ሲንፈራገጥ አይተው ነበር። አብረውት የታሰሩት ሰዎች የሚጥል በሽታ መስሏቸው ክብሪት ጭረው አሸተቱት። ድንገት መጠጥ ማቆሙ ያመጣበት መሆኑን ሳጅኑ ያወቁት በማግስቱ ከሐኪም ነው።

እሳቸው በልምድ የደረሱበትን ነገር ሕክምናው በሚገባ ያውቀዋል። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም፣ ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 8 ሰዓታት ባለው ጊዜ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና ጭንቀት ይጀምሩታል፤ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ሰውነትን የሚያንፈራግጥ መውደቅ ሊከተል ይችላል፤ በአንዳንዶች ላይ ደግሞ ከ48 እስከ 96 ሰዓታት ባለው ጊዜ ቀንና ሌሊትን የሚያምታታ፣ የሌለ ነገር የሚያሳይ፣ ትኩሳት የሚያመጣና የልብ ምትን የሚያጣድፍ ከባድ ሁኔታ ይደርሳል። ይህ የመጨረሻው ሳይታከም ሲቀር ሰው ይገድላል። መድኃኒቱ ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ እንደ ዳያዜፓም ያለ ማረጋጊያ በሐኪም ቁጥጥር እየተቀነሰ ይሰጣል፣ ጠጪ ሰውነቱ ላይ የሚያልቅበትን ቲያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ 1ን መተካትም የአእምሮ ጉዳትን ይከላከላል።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል። ይህ ለተያዘ ሰው ትልቅ መብት ነው። ነገር ግን ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ደንግጫለሁ፤ ፖሊስ ሕጉን አንዲት ደቂቃ ሳያሳልፍ ቢያከብር እንኳ፣ እንደ ወንድሜ ያለ ሰው ለመውደቅ የተጋለጠባቸውን ሰዓታት በሙሉ ማረፊያ ቤት ወለል ላይ ሊያሳልፍ ይችላል፤ ፍርድ ቤት የሚቀርበውም የባሰው ሊጀምር ሲል ይሆናል። ማንም ሰው ሕግ ሳይጥስ አንድ ሰው ሊሞት ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ በር ላይ «እጅህን ዘርጋ» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው መኖሩ የዚህ አገልግሎት ግማሹ ነው።

በጫት በኩል ነገሩ የተለየ ነው። ጫት ያቆመ ሰው ሐራራ ይይዘዋል፣ ይደብረዋል፣ ይደክመዋል፣ ሌሊት ዱካክ ያስጨንቀዋል፤ ሕይወቱን የሚያሰጋ ነገር ግን የለበትም። ሳጅኑ ይህን ልዩነት ያውቁ ነበር፤ ወንድሜ ስለ ጫቱ ሲነግራቸው አልፈውት ስለ አረቄው ደጋግመው ጠየቁ።

እንግዲህ ፖሊስ በየትኛው ሥልጣኑ ነው የያዘውን ሰው ወደ ሐኪም የሚወስደው? ይህን እኔም ጠይቄአለሁ። መጠጣትም ሆነ መቃም በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ወንድሜን ጣቢያ ያደረሰው የመስታወቱ መሰበርና የሴትየዋ እጅ መጫር ነው። በወንጀል ሕጋችን ደግሞ ተበዳዩ ካላመለከተ ክስ የማይቀርብባቸው ቀላል ወንጀሎች አሉ። ሳጅኑ የተጠቀሙት በዚህ በር ነው። የቤቱን ባለቤት አስጠርተው፣ «አዴ፣ ምን ይሁንልዎ ይላሉ?» አሏቸው። አዴም በመሐረብ የጠቀለሉትን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ «እኔ ልጁን አልጠላሁትም፤ መስኮቴን ግን ራሱ መጥቶ ይሥራልኝ፤ ከእንግዲህም ደጄ እንዳይደርስ» አሉ። ይህ በወረቀት ሰፍሮ ሁለቱም ፈረሙበት። ወንድሜ መስኮቱን በታኅሣሥ ሠርቶ አስረክቧል።

በሩ ጠባብ መሆኑን ግን አንባቢ ሊያውቀው ይገባል። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፆችን የሚመለከተው በጽኑ እስራት ነው፤ ስለዚህ ካናቢስ ኪሱ ውስጥ የተገኘበት ወጣት ተረኛው የቱንም ያህል ደግ ቢሆን በዚህ መንገድ አይስተናገድም። አውቶቡስ ተራ አካባቢ ማስቲሽ ሲስቡ የሚውሉት ልጆችም እንዲሁ፤ እነሱን ማንም አይከሳቸውም፣ ማንም ወደ ሐኪምም አይወስዳቸውም፤ ይባረራሉ፣ ተመልሰውም ይመጣሉ። ያየሁት አገልግሎት የሚጠቅመው አቤቱታው በዕርቅ ሊያልቅ ለሚችል፣ ይልቁንም ቤተሰብ ላለው ሰው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አሳስቦኛል። ሳጅኑ ወንድሜን፣ «ከእኔ ጋር ሐኪም ቤት ትሄዳለህ ወይስ እዚህ ታድራለህ?» ብለው ጠይቀውታል። ጥያቄው በትሕትና ቢቀርብም፣ ከሁለቱ አንዱ የብረት በር ሲሆን ምርጫው ምን ያህል ነፃ ነው? ወንድሜ ይህን አንቀጽ ካነበበ በኋላ፣ «ያን ሌሊት ነፃ ምርጫ ቢሰጠኝ ሦስተኛ ነገር ነበር የምመርጠው፤ አረቄ ቤት እመለስ ነበር» ብሎኛል። በእሱ በኩል ቅሬታ የለውም። እኔ ግን አሁንም እንዲህ አምናለሁ፦ ፖሊስ ሰውየውን እስከ ሐኪሙ በር ማድረስ አለበት፤ ከበሩ ወዲያ ያለው ጉዳይ የታካሚውና የሐኪሙ መሆን አለበት። መድኃኒቱን አቋርጦ የጠፋ ታካሚ ጥፋተኛ ተብሎ የሚታደን ከሆነ፣ ሁለተኛ ማንም እጁን ዘርግቶ አያሳይም።

ወደ ሕክምናው ተቋም የሄድነው በባጃጅ ነው። ካቴና አልነበረም። ሳጅኑ ሾፌሩ ጎን እንዲቀመጡ ቦታ ቢለቀቅላቸውም ከኋላ ከወንድሜ አጠገብ ተቀመጡ፤ የአዌቱን ድልድይ ስንሻገር ብርዱ ስለጠነከረ የራሳቸውን ካፖርት ትከሻው ላይ ጣሉለት። ይህን የምጽፈው ለማሞገስ ብቻ አይደለም። በዚያ ጉዞ ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ስንት እንደሚጠጣ በትክክል ተናገረ፤ ለእኔ በአራት ዓመት ያልነገረኝን ለሳቸው በአሥራ አምስት ደቂቃ ነገራቸው።

ችግሩ የጀመረው ካርድ ክፍል ነው። ካርድ የሚያወጣው ሠራተኛ የደንብ ልብሱን ሲያይ በመስኮቱ በኩል ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እስረኛ ነው? ደብዳቤ አላችሁ?» አለ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ዞረው አዩን፤ አንዲት እናት ልጃቸውን ወደ ራሳቸው አስጠጉ። ወንድሜ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቀረ። ሳጅኑ በግማሽ ገጽ ወረቀት ላይ ጽፈው የያዙት ማስታወሻ ማኅተም ስላልነበረው ተቀባይነት አላገኘም፤ ማኅተሙ አዛዡ ቢሮ ተቆልፎበታል፣ ቢሮው የሚከፈተው ጠዋት ነው። ክርክሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደ። በመጨረሻ የድንገተኛ ክፍሉ ተረኛ ሐኪም ወጥቶ፣ «ሰውየው ታሟል፤ የማን ነው የሚለውን ነገ እንጨርሰዋለን» ብሎ ባያስገባው ኖሮ ወደ ጣቢያ መመለሳችን ነበር። በጣቢያውና በሐኪም ቤቱ መካከል አስቀድሞ የታተመና ማኅተም የተመታበት አንዲት ገጽ መላኪያ ቢኖር ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር። ሕመምተኛውን እስረኛ የማይል፣ ያየውን ምልክትና የመጨረሻ መጠጥ የጠጣበትን ሰዓት ብቻ የሚይዝ ወረቀት ይበቃ ነበር። ዋጋው የአንድ ፎቶ ኮፒ ዋጋ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሕክምና ያለ ማጋነን ጥሩ ነበር እላለሁ። አልጋ ስላልነበረ ሁለት ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ኮሪደር ውስጥ በስትሬቸር ላይ አደረ፤ ነገር ግን በየጥቂት ሰዓቱ የደም ግፊቱንና የልብ ምቱን የሚለካ፣ እጁን ዘርጋ የሚለው ሰው አልጠፋም። ዳያዜፓሙ እዚያው ነበር፤ ቲያሚኑን ግን ከውጭ ግዙ ተባልን፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ክፍት ፋርማሲ ፍለጋ ዞርኩ። በሁለተኛው ሌሊት ወንድሜ ጣሪያው ላይ ጉንዳን ይሄዳል እያለ አለቀሰ። አልወደቀም። በሦስተኛው ቀን ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ተዛወረና ስምንት ቀን ተኛ። እዚያ የተቀበለችው ነርስ በጣም ያስደነቀችኝ አንድ ጥያቄ ጠየቀችው፦ «ስትቅም ነው የምትጠጣው ወይስ ከቃምክ በኋላ?» ከዚያ በፊት ያየናቸው ሁሉ ስለ ጫቱ ለብቻ፣ ስለ መጠጡ ለብቻ ይጠይቁ ነበር፤ እሷ ግን ጨብሲን አንድ ገመድ አድርጋ ያዘችው። ጫቱን ሳይነኩ አረቄውን ማስተው እንደማይቻል፣ እንቅልፉ ካልተስተካከለ ሁለቱም ተመልሰው እንደሚመጡ አስረዳችን። የምትሠራበትን ከተማ የምታውቅ ባለሙያ ናት።

ሲወጣ የተሰጠን ከአንድ ወር በኋላ የሚል የቀጠሮ ወረቀት ነው። አንድ ወር! በስምንት ቀን ውስጥ በቀን ሦስት ጊዜ እጁን ሲያዩለት የነበረ ሰው፣ ከበሩ ሲወጣ ሠላሳ ቀን ማንም አያየውም ማለት ነው። ስልክ የደወለ የለም። ከጣቢያም የመጣ የለም፤ ሳጅኑ ወንድሜ መውጣቱን እንኳ አልሰሙም ነበር። ወደ አናጢ ቤቱ ተመለሰ፣ የሥራ ባልደረቦቹ ከሰዓት በኋላ ጫታቸውን ይዘው ጎኑ ተቀመጡ፣ በሃያ አንደኛው ቀን ጠጣ።

እዚህ ላይ ሌሎች አገሮች ምን እንዳደረጉ ማንሳት ተገቢ ነው። በአሜሪካ ሲያትል ከተማ፣ ቤልታውን በሚባል ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2011 ሊድ የተባለ አሠራር ተጀመረ፤ ፖሊስ በቀላል የዕፅ ወንጀል የያዘውን ሰው ወደ እስር ቤት ከመውሰድ ይልቅ አንድ የጉዳይ ተከታታይ ሠራተኛ ጠርቶ እዚያው እጅ በእጅ ያስረክበዋል። ሠራተኛው ሰውየውን ሐኪም ቤት ያደርሰዋል፣ መታወቂያ ያወጣለታል፣ መኖሪያ ያፈላልግለታል፤ ዛሬውኑ ዕፁን ካላቆምክ ብሎ አያባርረውም። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲገመግሙት፣ በዚህ መንገድ ያለፉት ሰዎች እንደ ወትሮው ከተያዙት ጋር ሲነጻጸሩ እንደገና የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ያነሰ ሆኖ አገኙት። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ በማሳቹሴትስ የምትገኘው ግሎስተር የተባለች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ፖሊስ፣ ሱስ ያለበት ማንም ሰው ወደ ጣቢያ መጥቶ እርዳታ ቢጠይቅ እንደማይታሰርና ወደ ሕክምና እንደሚወሰድ አስታወቀ። በመጀመሪያው ዓመት 376 ሰዎች 429 ጊዜ መጡ።

ይህን የመጨረሻ ቁጥር ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ከሰዎቹ ብዛት የመምጫው ብዛት ይበልጣል፤ ከሕክምና ወጥቶ የወደቀ ሰው ተመልሶ ሲያንኳኳ በሩ ተከፍቶለታል ማለት ነው። እኛ የጎደለን ይህ ነው። የነሱ ሀብት የለንም፤ የጎደለን ግን በሀብት የሚገኝ ብቻ አይደለም።

ወንድሜ በሃያ አንደኛው ቀን ጠጥቶ መንገድ ላይ ሲጮህ ተያዘና እዚያው ጣቢያ ደረሰ። ያን ቀን ተረኛው ሌላ ነበር። እጁን ዘርጋ አላለውም። እኔ ሲነጋ ቁርስ ይዤ ስሄድ ነው የተነገረኝ፤ ከመዝገቡ ላይ ቀደም ሲል ሐኪም ቤት ስለመላኩ አንድ መስመር አልነበረም፤ አዲሱ ተረኛም ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረውምና በሳቸው አልፈርድም። ከብረቱ በስተጀርባ ግድግዳ ተደግፎ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ሳጅኑ እኩለ ቀን ላይ ገብተው ራሳቸው እስኪያወጡት ድረስ ያሳለፍኳቸውን ስድስት ሰዓታት አልረሳቸውም። ይህ አገልግሎት የጣቢያው አሠራር ሳይሆን የአንድ ሰው ልብ መሆኑን የተረዳሁት ያን ቀን ነው። ሳጅኑ ቢታመሙ፣ ቢዛወሩ ወይም ዕረፍት ቢወጡ አገልግሎቱ አብሯቸው ይሄዳል።

ለሁለተኛ ጊዜ ሲወጣ የተለየው ነገር ከመንግሥት መዋቅር ሳይሆን ከዕድራችን የመጣ ነው። በዕድራችን ውስጥ መጠጥ ካቆሙ ዓመታት ያለፏቸው አንድ ኦቦ አሉ። ነገሩን ሲሰሙ በየቀኑ ከ11 ሰዓት ጀምሮ፣ ማለትም ወንድሜ ወትሮ መጠጥ በሚያምረው ሰዓት፣ ወደ አናጢ ቤቱ መምጣት ጀመሩ። ብዙ አይናገሩም። ቡርቱካን ወይም ብርዝ ይዘው ይመጣሉ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሥራውን ያያሉ፣ ሲመሽ አብረውት ወደ ቤት ይሄዳሉ። ወደ ሐኪም ቀጠሮው ሁለት ጊዜ የወሰዱት እሳቸው ናቸው። ሲያትል ውስጥ በደመወዝ የሚሠራውን ሥራ እሳቸው በነፃ ሠሩት። ነገር ግን እያንዳንዱ ሰው እንዲህ ያለ ጎረቤት ያገኛል ብዬ መገመት አልችልም።

ለዚህ ነው ጅማ ከብዙ ከተሞች የተሻለ ዕድል አላት የምለው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱና የግብርና ኮሌጁ ተዋህደው ሲመሠረት ጀምሮ የሚታወቀው ማኅበረሰብን መሠረት ባደረገ ትምህርቱ ነው፤ ተማሪዎች ከክፍል ወጥተው በየቀበሌው ቤት ለቤት ይሠራሉ። ከሕክምና የወጣን አንድ ሰው በመጀመሪያው ወር በሳምንት ሁለት ቀን ቤቱ ሄዶ ማየት ለነርስነትና ለሶሻል ወርክ ተማሪዎች ትምህርት ይሆናቸዋል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤቱን ያውቁታል። ሰው አለ፤ ማን ማንን እንደሚከታተል የሚናገር ዝርዝር ነው የሌለው።

ዝርዝሩን በግሉ የጀመረ ሰው አይቻለሁ። በየካቲት መስኮቱ መሠራቱን ለማስመዝገብ ጣቢያ ስሄድ ሳጅኑ ከመሳቢያቸው አንድ የተማሪ ደብተር አወጡ። በማስመሪያ የተሰመሩ አራት ዓምዶች አሉት፤ ቀን፣ ስም፣ የተላከበት፣ የመጨረሻው ደግሞ «ከዚያ በኋላ» የሚል ነው። የሌሎቹን ስም እንዳላይ በመዳፋቸው ሸፍነው የወንድሜን መስመር ብቻ አሳዩኝ። መዳፋቸው ያልደረሰበት የመጨረሻው ዓምድ ግን ከላይ እስከ ታች ባዶ ነበር። የላኳቸው ሰዎች ምን እንደሆኑ የሚነግራቸው የለም። «አሁን እንዴት ነው?» ሲሉኝ፣ «ይሠራል፤ ከገና ወዲህ አልጠጣም፤ ጫቱን ግን ገና አልተወም» አልኳቸው፤ ቃል በቃል ጻፉት።

ነጥብ ስጡ ብባል፣ ለመጀመሪያው ሌሊት ለፖሊሱ ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ፤ ለሕክምናው ከሞላ ጎደል እንዲሁ፤ ለካርድ ክፍሉ አቀባበል ዝቅተኛውን፤ ከሕክምና በኋላ ላለው ክትትል ምንም የምሰጠው የለኝም፣ ክትትል አልነበረምና። ቢሆንም ቤተሰቡ ውስጥ እንደ ወንድሜ ያለ ሰው ያለበት ሁሉ ይህን ከመጠየቅ ወደ ኋላ እንዳይል እመክራለሁ። ዘመዳችሁ ተይዞ ጣቢያ ከደረሳችሁ፣ በየቀኑ እንደሚጠጣና ጠዋት እንደሚንቀጠቀጥ ለተረኛው በግልጽ ተናገሩ፤ ነውር መስሏችሁ አትደብቁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 የተያዘ ሰው በሐኪም እንዲጎበኝ መብት ይሰጠዋልና ወደ ሕክምና አንወስድም ቢሏችሁ እንኳ ሐኪም እንዲያየው ጠይቁ። የጤና መድኅን ደብተሩን፣ መታወቂያውን፣ ለቲያሚን የሚሆን ጥቂት ብር ያዙ። ከሁሉ በፊት ደግሞ የመጨረሻውን መጠጥ በስንት ሰዓት እንደጠጣ አብሮት ከነበረ ሰው ጠይቃችሁ በወረቀት ጻፉ፤ ሐኪሙ የሚሰጠውን መድኃኒትና የሚጠብቀውን አደጋ የሚያሰላው ከዚያ ሰዓት ተነሥቶ ነው፤ እኛ በመጀመሪያው ሌሊት ከተጠየቅነው ሁሉ መመለስ ያቃተን እሱን ነበር።